የሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ዲስክ ቅየራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

ሐምሌ 2017፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ርክክብና ምርመራ

ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ካለ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሦስት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ተረክቤያለሁ። የመጀመሪያው ባለ 133 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ሲሆን ዊንዶውስ 95 የተጫነበት 2.1 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ሁለተኛው ፔንቲየም 3 ሆኖ ዊንዶውስ 98ን ከ10 ጊጋባይት ዲስክ ያስነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒና 40 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ፔንቲየም 4 ነው። የሦስቱም ዲስኮች ባለ 40 ፒን አይዲኢ፣ ማለትም የቆየው ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል የሚሰካባቸው፣ ናቸው።

የቤቱ ባለቤት ብዙ ዓመት በታይፕና በኮምፒውተር ሲጽፉ የኖሩ እናት ናቸው። ማሽኖቹን ትተው ሰነዶቹን ብቻ እንዳወጣላቸው ይፈልጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አዲስ ኮምፒውተርማ አለኝ። ችግሩ ሰው ይመጣና የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፉልኝን ውል ያውጡልኝ ይለኛል፤ አዲሱ ላይ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የማይነበብ ሆኖ ይመጣል» አሉኝ። የሥራውን አካሄድ የወሰነው ይህ አነጋገራቸው ነው። ከእነዚህ ዲስኮች መትረፍ ያለበት የሰነድ ፎልደር ብቻ አይደለም፤ ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት፣ የኪቦርዱ ፕሮግራም፣ የዶት ማትሪክስ ፕሪንተሩ ድራይቨርና የገጽ ልኩ ጭምር ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ጥገና በፊት የእያንዳንዱ ዲስክ ሙሉ ኢሜጅ (ግልባጭ)፣ ከመጀመሪያው ሴክተር (የዲስኩ ትንሹ ክፍል) እስከ መጨረሻው፣ እንዲወሰድ ወስኛለሁ።

ሽፋኖቹን ከፍቼ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ካጸዳሁ በኋላ የጃምፐሮቹንና የኬብሎቹን አቀማመጥ ፎቶ አነሣሁ። ቀጥሎ በመልቲሜትር ወደ ዲስኩ የሚሄደውን ኃይል ለካሁ። በትልቁ ባለ 4 ገመድ ማያያዣ ላይ ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት ሲሆን ሁለቱ ጥቁሮች መሬት ናቸው፤ ከሁለቱም ቮልቴጅ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ዲስክ ከመኮነኑ በፊት ይህ መለካት ያለበት መሆኑን ፔንቲየም 4ቱ ወዲያው አሳየኝ፤ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ቢጫው ወደ 11.1 ቮልት ይወርድና ዲስኩ መዞሩን አቁሞ እንደ ገና ይነሣል። ማሽኑ ሲሠራ ያሰማው የነበረው «ቋ» የሚል ድምፅ የመጣው ከዚሁ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች አሉ። ያገለገለ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ፓወር ሰፕላይ በ1,500 ብር ገዝቼ ስቀይረው ድምፁ ጠፋ፤ የዲስኩ የስማርት መዝገብ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው መዝገብ) ሲነበብም ቁጥር 5 (የተተኩ ሴክተሮች) እና ቁጥር 197 (ለመነበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች) ሁለቱም ዜሮ ናቸው። የዚህን ማሽን ዲስክ አልቀይርም፤ ኢሜጁን ብቻ እወስዳለሁ።

የፔንቲየም 133ቱ ችግር ሁለት ተደራራቢ ነገሮች ናቸው። ሲበራ ሃርድ ዲስክ የለም ይላል፤ ምክንያቱም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ 1.9 ቮልት ላይ በመድረሱ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) የዲስኩን ዓይነት ረስቶታል። ባትሪውን በ80 ብር ቀይሬ ባዮሱ ራሱ እንዲፈልግ ሳደርገው ዲስኩን አገኘው፤ ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ሲነሣ ከዲስኩ ውስጥ ተደጋጋሚ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማና ማሽኑ ቆሞ ይቀራል። ይህን እንደ ሰማሁ አጠፋሁት። በመሞት ላይ ያለ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ስለማይታወቅ እያንዳንዱ መነሣት ለንባብ ብቻ መዋል አለበት። ስካንዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም) እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ማስኬድም አይገባም፤ ስካንዲስክ ጥገና የሚያደርገው ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነውና።

ሐምሌ፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ከ2.1 ጊጋባይቱ ዲስክ ማንበብ

መጀመሪያ የሞከርኩት አይዲኢን ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር አዳፕተር ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነበር። ጤነኛው ክፍል በደንብ ይነበባል፤ የተበላሸ ሴክተር ሲያጋጥም ግን አዳፕተሩ ራሱ ይደነዝዝና ነቅሎ መሰካት ያስፈልጋል። ነቅሎ መሰካት ደግሞ ዲስኩን እንደ ገና ማስነሣት ስለሆነ ይህን መንገድ ተውኩት።

በምትኩ የፔንቲየም 4ቱን ማዘርቦርድ የሥራ ጠረጴዛ አደረግሁት። የታመመውን ዲስክ በሁለተኛው የአይዲኢ መስመር ላይ ብቻውን ማስተር (የመስመሩ ዋና ዲስክ) አድርጌ፣ ለ32 ቢት ፕሮሰሰር በተዘጋጀ የቆየ የሊኑክስ ሲዲ አስነሣሁትና ዲዲሬስኪው በሚባል የዲስክ ማዳኛ ፕሮግራም ማንበብ ጀመርኩ። የዚህ ፕሮግራም ጥቅሙ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ቅድሚያ ሰጥቶ ያወጣና አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ተርፏል። ሁለተኛው፣ የተነበበውንና ያልተነበበውን በማፕ ፋይል ይመዘግባል። በክረምት መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የማፕ ፋይሉ ዋጋ ከፍተኛ ነው። በንባቡ መካከል መብራት ሄዶ የዩፒኤሱ ባትሪም ሊያልቅ ሲቃረብ ማሽኑን በሥርዓት ዘጋሁት፤ መብራት ሲመለስ ያንኑ ማፕ ፋይል ሰጥቼው ካቆመበት ቀጠለ። ኢሜጁም ሆነ ማፕ ፋይሉ የሚቀመጡት በሌላ ጤነኛ ዲስክ ላይ ነው፤ ሲዲ ላይ በሚሠራው ሊኑክስ ጊዜያዊ ሜሞሪ ውስጥ የቀረ ማፕ ፋይል ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ዙር ያለ ምንም ድግግሞሽ አብዛኛውን ዲስክ አወጣ። ለቀረው ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ አጥፍቼ አሳረፍኩት፤ ከዚያም አስቸጋሪዎቹ ሴክተሮች እየተደጋገሙ እንዲሞከሩ አዘዝኩ። ዲስኩን በጎኑ አቁሜ ያስነበብኩበት ዙር በጠፍጣፋው ከነበረው የተሻለ ውጤት ሰጥቷል፤ የጭንቅላቱ ክንድ ሲደክም የአቀማመጥ ለውጥ አንዳንዴ ይረዳል። ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ማውጣት የሚል ምክር የሰጡኝ ሰዎች አሉ። ይህን አልሞከርኩም፤ በሐምሌ ዝናብ፣ ከጣና ዳር በማይርቅ ክፍል ውስጥ የቀዘቀዘ ብረት ሲወጣ ወዲያው ላዩ ላይ ውሃ ይጠራቀማል፤ ዲስኩ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለውም እርጥበቱ ውስጥ ድረስ ይገባል። ሥራ በሌለበት ሰዓት ዲስኩን ያስቀመጥኩት ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ነበር።

በመጨረሻ ጥቂት ሴክተሮች አልነበብ ብለው ቀሩ። ዲስኩን አሽጌ፣ ቀኑን ጽፌበት ለባለቤቷ መልሼላቸዋለሁ።

ሐምሌ፣ ሦስተኛው ሳምንት፦ የጠፋው ምን እንደሆነ መለየት

ያልተነበቡት ሴክተሮች በኢሜጁ ውስጥ ባዶ ሆነው ስለሚቀመጡ የትኛው ፋይል እንደተጎዳ በዓይን አይታወቅም። አንድ ሰነድ በደንብ ተከፍቶ መሃሉ ላይ አንቀጽ ጎድሎት ሊገኝ ይችላል፤ ለውል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ስለዚህ የኢሜጁን ግልባጭ ወስጄ፣ በዲዲሬስኪው የመሙያ አሠራር አማካይነት ያልተነበቡት ቦታዎች ሁሉ በአንድ ልዩ የምልክት ጽሑፍ እንዲሞሉ አደረግሁ። ቀጥሎ ግልባጩን ከፍቼ ያ ምልክት የሚገኝበትን ፋይል ሁሉ ፈለግሁ። ከተገኙት አብዛኞቹ የዊንዶውስ የእርዳታ ፋይሎችና ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። የደንበኛ ሰነድ ሆኖ የተገኘው የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ነው።

አንድ ሴክተር 512 ባይት ነው። በዚያ ዘመን ፎንት እያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት ስለሚወስድ አንድ ሴክተር ሲጠፋ ከጽሑፉ ላይ እስከ 512 ምልክት ይሄዳል፤ ይህም አንድ ሙሉ አንቀጽ ሊሆን ይችላል። በደንቡ ውስጥ የተቆረጠው ከወርሃዊ መዋጮ ድንጋጌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ቅጣቱ ድረስ ያለው ነው። «መዋጮውን በተከታታይ» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ የእኔ የምልክት ጽሑፍ ተደርድሮ ይታያል። ባለቤቷን ስጠይቃቸው የዕድሩ ጸሐፊ የታተመው ወረቀት እንዳላቸው ነገሩኝ፤ ወረቀቱም መጥቶ የጎደለው ክፍል ከእርሱ ተገልብጦ ተሟልቷል። ምልክት የማድረጉ ሥራ ባይኖር ይህ ጉድለት የሚታወቀው አንድ ቀን በዕድሩ ስብሰባ ላይ ክርክር ሲነሣ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ፎንቶቹ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚቀመጠው ለላቲን በተዘጋጁት 256 ቦታዎች ላይ የፊደላችንን ቅርጽ በሚስል ፎንት ነበር። ፊደላችን ከነዝርያው በእነዚያ ቦታዎች ስለማይበቃ አንዳንዱ ፎንት ለሁለት ተከፍሎ ይሠራል፤ ሌላው ቅርጹን ከቁርጥራጭ ምልክቶች እየገጣጠመ ይጽፋል። በዚህ ምክንያት ሰነዱ ያለ ራሱ ፎንት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቷ ያሉት «የማይነበብ» ይኸው ነው። ፎንቱን ከሌላ ማሽን ማምጣትም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስማቸው የሚመሳሰል የተለያዩ እትሞች የፊደላቱን ቦታ ለዋውጠው ይገኛሉ። ትክክለኛው ፎንት ሰነዱ ከተጻፈበት ዲስክ የተገኘው ነው። ከኢሜጁ የዊንዶውስ ፎንት ፎልደርን ሙሉውን ወስጄ ላፕቶፕ ላይ ስጭነው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፉ ውሎችና አቤቱታዎች አንድ በአንድ ተነበቡ። የሰነድ ፎልደሩን ብቻ በፍላሽ ገልብጠው አሮጌውን ማሽን ለቁራሌው የሰጡ መሥሪያ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የእነርሱ ሰነድ ዛሬ በእጃቸው እያለ የሚነበብበት ቁልፍ ጠፍቷል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ፎንቱ ቢለካ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላምና።

ነሐሴ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ለፔንቲየም 133ቱ ምትክ መምረጥ

ያገለገለ አይዲኢ ዲስክ መግዛት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚገኘው ሁሉ ከሞተው ጋር እኩያ ስለሆነ አልመረጥኩትም። ለዚህ ማሽን የሚሻለው ኮምፓክት ፍላሽ፣ ማለትም ለካሜራ የሚያገለግለው ዓይነት የማስታወሻ ካርድ፣ ነው። ይህ ካርድ በባሕርዩ የአይዲኢን ቋንቋ ስለሚናገር በመካከል የሚተረጉም ቺፕ አያስፈልገውም፤ አዳፕተሩ ገመዶቹን ከፒን ወደ ፒን ማገናኘት ብቻ ነው ሥራው። ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች እያንዳንዳቸው በ1,400 ብር፣ አንድ አዳፕተር በ700 ብር፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልከውልኛል። ሁለተኛው ካርድ መጠባበቂያ ነው።

አዳፕተሩ 40ውም ፒን ሙሉ አለው፤ የማሽኑ ኬብል ግን 20ኛው ቀዳዳ የተደፈነ ስለሆነ አልገባም አለ። ፒኑን ከመቁረጥ ይልቅ ቀዳዳው ያልተደፈነ የቆየ ኬብል ከቁርጥራጭ ሣጥኔ ተጠቀምኩ፤ ባለ ቀይ መስመሩ ጠርዝ ወደ ቁጥር 1 ፒን መዞሩን አረጋግጬ።

ኢሜጁን ካርዱ ላይ ጽፌ ማሽኑን ሳበራ ባዮሱ ካርዱን በስሙ አወቀው፤ ይሁንና ሲስተም የለም የሚል መልእክት አምጥቶ ቆመ። ምክንያቱ የዲስክ ጂኦሜትሪ፣ ማለትም የዲስኩ ቦታዎች በሲሊንደር፣ በሄድና በሴክተር የሚቆጠሩበት መንገድ፣ ነው። አሮጌው ዲስክ 4092 ሲሊንደር፣ 16 ሄድና 63 ሴክተር ነበረው፤ ሲባዛ 4,124,736 ሴክተር ይሆናል። ባዮሱ ከ1024 በላይ ሲሊንደር ለዶስ ማሳየት ስለማይችል በኤልቢኤ (ሴክተሮችን በተራ ቁጥር በሚቆጥር) አሠራር ወደ 1023 ሲሊንደርና 64 ሄድ ይቀይረዋል፤ ዊንዶውስ 95 ሲጫን የቡት ሴክተሩ (ማስነሻው ሴክተር) ላይ የጻፈው ይህንን 64 ነው። ባለ 4 ጊጋባይቱን ካርድ ግን ባዮሱ መጠኑን አይቶ ወደ 128 ሄድ ቀየረው። ሴክተሮቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ አቆጣጠሩ በመለወጡ የቡት ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ፋይል ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

መፍትሔው ባዮሱ ራሱ እንዲፈልግ ከማድረግ ይልቅ የዲስኩን ዓይነት በእጅ መሙላት ነው። 4092፣ 16፣ 63 ጽፌ፣ አሠራሩን ኤልቢኤ አድርጌ አስቀመጥኩና አስነሣሁት። ዊንዶውስ 95 ከነፕሪንተሩ፣ ከነፎንቱ፣ ከነኪቦርዱ ተነሣ። ከካርዱ ሁለት ጊጋባይት የሚጠጋው ሳይነካ ይቀራል፤ ካርዱ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ የደከሙ ቦታዎችን የሚተካበት ትርፍ ስለሚያገኝ ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። ባትሪው ወደ ፊት ሲያልቅ ይህ አሞላል አብሮ ስለሚጠፋ፣ ሦስቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌያለሁ።

ዲኤምኤ፣ ማለትም ዲስኩ ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ ከሜሞሪ ጋር የሚገናኝበት አሠራር፣ እንዲጠፋ አድርጌያለሁ። ብዙ ርካሽ አዳፕተሮች ለዲኤምኤ የሚያስፈልጉትን ሁለት ገመዶች አያገናኙም፤ ካርዱ ግን እችላለሁ ብሎ ለማሽኑ ስለሚናገር ዊንዶውስ ሲነሣ መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። ለጽሕፈት ሥራ ያለ ዲኤምኤም ፍጥነቱ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው የሜሞሪ ጉዳይ ነው። ማሽኑ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበረው ስዋፕ ፋይሉ (ሜሞሪ ሲያንስ በምትኩ የሚያገለግለው የዲስክ ፋይል) ላይ ዘወትር ይጽፍ ነበር፤ ይህ ደግሞ ፍላሽ ያደክማል። ከሌላ የተጣለ ማሽን ባለ 72 ፒን ሲሞች (የሜሞሪ ሰሌዳዎች) አውጥቼ 64 ሜጋባይት አደረስኩት፤ በፔንቲየም ላይ እነዚህ የሚገቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ከ64 በላይ አልጨመርኩም፤ የዚህ ዘመን ብዙ ቺፕሴቶች (የማዘርቦርድ መቆጣጠሪያ ቺፖች) ካሽ የሚያደርጉት፣ ማለትም በፈጣኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ የሚያግዙት፣ እስከዚያ ብቻ ስለሆነ ተጨማሪው ማሽኑን ያዘገየዋል። የሲሞቹ እግሮች በእርጥበት ጠቁረው ስለነበር በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጌያቸዋለሁ።

ነሐሴ፣ የመጨረሻው ሳምንት፦ ፔንቲየም 3

የዚህ ዲስክ ኢሜጅ ያለ ብዙ ትግል ተወስዷል፤ ጥቂት የተበላሹ ሴክተሮች ቢኖሩትም ምልክቴ የተገኘው በስዋፕ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ነው። ለምትክነት 120 ጊጋባይት ሳታ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው፣ አዲሱን የሳታ ማገናኛ የሚጠቀም ዲስክ) በ3,200 ብር፣ ከሳታ ወደ አይዲኢ የሚቀይር ሰሌዳ በ900 ብር ገዛሁ።

ሲበራ ማሽኑ ዲስኩን በሚፈልግበት ደረጃ ላይ ደርቆ ቀረ። የዚያን ጊዜ ብዙ ባዮሶች ከ33.8 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያጋጥማቸው የሲሊንደሩ ቁጥር ከአቅማቸው ያልፍና ይቆማሉ። የባዮስ ማሻሻያ ከማሰስ ይልቅ ኤስኤስዲው ራሱ ትንሽ መስሎ እንዲታይ አደረግሁ። በሊኑክስ ላይ ኤችዲፓርም በሚባል ፕሮግራም የሚታየውን መጠን በቋሚነት ወደ 62,500,000 ሴክተር፣ ማለትም ወደ 32 ጊጋባይት፣ ገደብኩት። ሁሉም ኤስኤስዲ ይህን ትእዛዝ አይቀበልም፤ ይህኛው ተቀብሏል፤ ኃይል ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላም ገደቡ እንደ ጸና አረጋግጫለሁ። ዊንዶውስ 98 ለኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ የሚያሳውቅበት ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ስለሌለው የተደበቀው ሰፊ ቦታ ለዲስኩ ዕድሜ ይጠቅማል።

እዚህ የጂኦሜትሪ ችግር አልተነሣም። ከ8.4 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ዲስኮችን ባዮሱ በ255 ሄድና በ63 ሴክተር ስለሚያሳያቸው አሮጌውም አዲሱም አንድ ዓይነት አቆጣጠር አላቸው፤ ኢሜጁ እንደተጻፈ ወዲያው ተነሣ።

ሆኖም ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥ ማሽኑ ለአፍታ እየቆመ ይቀጥል ነበር። ጥርጣሬዬ ኬብሉ ላይ ወደቀ። ኬብሉ ባለ 40 ገመድ ነበር፤ ከ33 ሜጋባይት በሰከንድ በላይ የሆነ ፍጥነት ግን በየሲግናሉ መካከል የመሬት ገመድ ያለው ባለ 80 ገመድ ኬብል ይፈልጋል። ባለ 80 ገመዱን ሰማያዊውን ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩን ጫፍ ሰሌዳው ላይ አድርጌ ስቀይረው መቆራረጡ ቀረ። የሲዲ ድራይቩን ወደ ሁለተኛው መስመር አዛውሬዋለሁ፤ ሰሌዳው በአንድ ኬብል ላይ ሌላ ዕቃ ሲጋራው ዲስኩ አይታይም።

መስከረም 2018፦ ማስረከብና ወጪ

አሮጌው ፎንት ለዘላለም እንዲያገለግል መጠበቅ ስለማይገባ ዋና ዋናዎቹን ውሎችና ደንቦች ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬያለሁ። መንገዱ ይህ ነው፤ ዊንዶውስ 98 ላይ የፖስትስክሪፕት (ገጽን የሚገልጽ የሕትመት ቋንቋ) ፕሪንተር ድራይቨር ተጭኖ ሕትመቱ ወደ ፋይል እንዲሄድ ይደረጋል፤ ፋይሉ ላፕቶፕ ላይ ጎስትስክሪፕት በሚባል ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ይለወጣል፤ ፎንቱ ውስጡ ተቀብሮ ስለሚሄድ በማንኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ የፊደል ሰንጠረዥ ስለሚያስፈልገው ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ኢሜጁና ፎንቱ በእጅ ስላሉ አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ወጪው፦ ሁለት ካርድ 2,800 ብር፣ አዳፕተር 700፣ ኤስኤስዲ 3,200፣ የሳታ ሰሌዳ 900፣ ፓወር ሰፕላይ 1,500፣ ለሦስቱም ማሽኖች ባትሪ 240፤ በድምሩ 9,340 ብር ሆኗል። ሲሞቹና ኬብሎቹ ከተጣሉ ማሽኖች የወጡ ስለሆኑ አልተቆጠሩም። የሦስቱም ማሽኖች ኢሜጅ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ተቀምጦ አንዱ ከባለቤቷ ቤት፣ ሌላው ከእኔ ዘንድ ይገኛል።

በርክክቡ ዕለት መጠባበቂያውን ካርድ አስገብቼ ማሽኑ ከእርሱም እንደሚነሣ ለባለቤቷ አሳየሁ። እርሳቸውም የዕድሩን ደንብ ከፍተው በዶት ማትሪክሱ በካርቦን አተሙና ከአሮጌው ወረቀት ጋር አስተያዩት። የመስመር ስፋቱም የገጽ አቆራረጡም አንድ ነው። የቀረው ሥራ የማሽኖቹን መስመር ከኮፒ ማሽኑ ለይቶ በራሱ ስታብላይዘር ላይ ማድረግ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።